ከዓለሙ ልጀምር ወይስ ከሰው? ለልብ ወለድ ጀማሪ ዝርዝር መመሪያ

ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሳ ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። መጀመሪያ ታሪኩ የሚካሄድበትን ዓለም ልሥራ? ወይስ በዚያ ዓለም የሚኖረውን ሰው?

እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። አንድ ጊዜ ዓመት ሙሉ ዓለም ስሠራ ከረምኩ። የወንዞቹ ስም፣ የነገሥታቱ ትውልድ፣ የገበያው ቀን፣ ሁሉም ደብተሬ ላይ ነበር። ምዕራፍ ግን አንድም አልነበረም። ሌላ ጊዜ አንዲትን ሴት በደንብ አውቄ ጀመርኩ። የልጅነቷን ቁስል፣ አነጋገሯን፣ ሳቋን ሳይቀር አውቅ ነበር። የሚገፋትም የሚከለክላትም ነገር ስላልሰጠኋት ታሪኩ ሃያ ገጽ ሳይሞላ ቆመ።

አሁን የምጀምረው ሰውና ዓለም ከሚጋጩበት ቦታ ነው። አንድ ሕግ እይዛለሁ፤ ያ ሕግ ከሌላው ሰው ይበልጥ የሚያመውን አንድ ሰው ደግሞ እፈልጋለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይበቅላል። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ይህን የሚሠሩ ናቸው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ታሪክ ከባዶ ጀምረን አብረን እንሠራለን።

ደረጃ 1፦ ታሪኩ በየትኛው በር እንደመጣላችሁ ለዩ

አንዳንዱ ታሪክ በቦታ በኩል ይመጣል። ጭጋግ ያለበት ከተማ፣ የድንጋይ ደረጃ፣ ከሩቅ የሚሰማ ደወል። ሌላው በሰው በኩል ይመጣል። ታክሲ ውስጥ ያያችኋት፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንድ ቃል ሳትናገር የምታለቅስ ሴት። ሦስተኛው በጥያቄ ይመጣል፦ «ሰው መዋሸት ባይችልስ?»

ወረቀት አውጡና የመጣላችሁን በግማሽ ገጽ ጻፉ። ከላይ «ቦታ»፣ «ሰው» ወይም «ጥያቄ» በሉት። ይህን የምታደርጉት አንድ ነገር ለማወቅ ነው። የምትወዱት ወገን ሳትነኩትም ያድጋል። ላባችሁ መፍሰስ ያለበት በሌላው ወገን ነው።

ደረጃ 2፦ ለዓለም ሥራ የቀን ገደብ ስጡ

ስለ ዓለም ፈጠራ ሲወራ የእንግሊዛዊው ደራሲ የጄ. አር. አር. ቶልኪን ስም መነሳቱ አይቀርም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የጥንት ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። ቋንቋ ይፈጥር ነበር። ታሪኮቹ የመጡት ለቋንቋዎቹ መኖሪያ ዓለም ለመስጠት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ «ቶልኪንም እኮ ከዓለሙ ነው የጀመረው» ብሎ ካርታ ሲስል ዓመት ያልፈዋል።

እስቲ የመጻሕፍቱን ቅደም ተከተል እንይ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ሲሠራው የኖረው የዚያ ዓለም ጥንታዊ ታሪክ፣ «ዘ ሲልማሪልየን»፣ የታተመው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ቶልኪን ከሞተ 4 ዓመት ሆኖት ነበር። አሰናድቶ ያሳተመው ልጁ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. አንባቢ እጅ የገባው «ዘ ሆቢት» ግን የተጀመረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቶልኪን የተማሪ ፈተና ሲያርም ባዶ ገጽ አገኘና ጉድጓድ ውስጥ ስለሚኖር ስለ አንድ ሆቢት ጻፈ። ያኔ ሆቢት ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ እሱም ገና አልወሰነም ነበር። መጽሐፉ ሲወደድ የጥንቱን ታሪክ ለአሳታሚው አቀረበ። አሳታሚው የፈለገው ግን ሌላ የሆቢት ታሪክ ነበር።

የዓመታት ድካሙ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። «ዘ ሆቢት»ም በኋላ የመጣው ትልቁ ሥራው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»ም ያን ጥልቀት ያገኙት ከዚያ ነው። አንባቢው ግን ወደዚያ ዓለም የገባው ቤቱንና ምግቡን በሚወድ አንድ ትንሽ ፍጡር በር ነው።

ስለዚህ ዓለም ወዳድ ከሆናችሁ ሰባት ቀን ውሰዱ። በሰባት ቀን የመጣላችሁን ሁሉ ጻፉ። በስምንተኛው ቀን ደብተሩን ዝጉ። የጎደለ መስሎ ይታያችኋል። ይጉደል።

ደረጃ 3፦ የሚያም ሕግ ፈልጉ

ይህ ደረጃ የሥራው ልብ ስለሆነ አትቸኩሉ። በዓለማችሁ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ አሥር ሕጎች ጻፉ። «ሕግ» ስል የመንግሥት አዋጅ ብቻ አይደለም። ልማድ፣ ነውር፣ ስለት፣ ተራ፣ ውርስ፣ የተፈጥሮ ሕግም ይሆናል።

ለምሳሌ ሰንበሌጥ የምትባል ደጋ መንደር እንፍጠር። ከጻፍኳቸው ሕጎች አንዱ «በሰንበሌጥ ውሃ የሚቀዳው በሌሊት ብቻ ነው» ይላል። ደስ የሚል ሕግ ነው። ግን ጣልኩት፤ ምክንያቱም ሁሉንም እኩል ነው የሚያስቸግረው። ሁሉንም እኩል የሚያም ሕግ ሰው አይመርጥላችሁም። ያስቀረሁት ይህን ነው፦ በሰንበሌጥ የሞተ ሰው ስም ተዝካሩ እስኪወጣ፣ አርባ ቀን ሙሉ፣ አይጠራም። የጠራ ከእድር ይወጣል።

አሁን በሕጉ ላይ አራት ጥያቄ ጠይቁ። ማንን ይጠቅማል? ማንን ያማል? ማን ያስከብረዋል? የጣሰው ምን ይደርስበታል?

የመጨረሻው ቀላል ነው። ከእድር የወጣ ሰው የሚቀብረው የለም። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቅጣቱ ወዲያው ይገባዋል። አስከባሪው የእድሩ ዳኛ ነው። የሚከብደው «ማንን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይሰንፋል። ሕጉን ክፉ ሰዎች ያወጡት ክፉ ነገር አድርጎ ይተወዋል። በእውነተኛ ሕይወት እንዲህ ያለ ልማድ ብዙ አይቆይም። የሚቆየው አንዳንድ ሰው ስለሚያድን ነው። የሰንበሌጥ ሕግ ባል የሞተባትን ሴት ያድናል። የሟቹ ስም ካልተጠራ ባለ ገንዘብ መጥቶ ዕዳ አይጠይቅም። ዘመድ መጥቶ መሬት አይካፈልም። አርባ ቀን ዕረፍት አላት።

ከዚያ ሕጉ የሚቆለመምበትን ቦታ ፈልጉ። ስሙ ካልተጠራ የገደለውም ሰው አይከሰስም። አርባ ቀን ደግሞ አገር ጥሎ ለመጥፋት በቂ ነው። አያችሁ፣ ታሪኩ ብቅ ማለት ጀምሯል። ገና አንድ ሰው እንኳ አልፈጠርንም።

የምትጽፉት ምናባዊ ዓለም ካልሆነ ሕጉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ባሕረ ሰላጤ አገር ስላለች የቤት ሠራተኛ የምትጽፉ ከሆነ፣ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ከቤቱ ስትወጣ ፈቃዷም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለነበረው የጣሊያን ወረራ ከሆነ ደግሞ ወራሪው ሊሬ ተቀበሉ ይላል፣ ገበሬው የሚያምነው ጠገራ ብሩን ነው። ደሞዙ በሊሬ የሚከፈለው ሰው ገበያ ወጥቶ ምን ያደርጋል? ታሪካዊ ልብ ወለድ የምትጽፉ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ማንበብ ግድ ነው። ስታነቡ ግን የአልባሳቱን ዝርዝር ከመልቀም በፊት ያኔ ሰው ማድረግ የማይችለውን ነገር ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ሕጉ ከሁሉ ይበልጥ የሚያመውን ሰው ምረጡ

ሕጉን ይዛችሁ መንደሩን በሐሳብ ዙሩ። በየቤቱ አንኳኩ። «አንተን ምን ያህል ያምሃል?» በሉ። ቄሱን ብዙም አያመውም። ነጋዴውን ትንሽ ያመዋል። ሙሾ አውራጇ ቤት ስትደርሱ ግን እግራችሁ ይቆማል።

አልቃሽ ሥራዋ የሞተውን በስሙ እየጠሩ ማልቀስ ነው። በሰንበሌጥ ያለ ስም ማስለቀስ አለባት። ስሟን እታፈራሁ እንበላት። ሠላሳ ዓመት ስም ሳትጠራ ስታስለቅስ ኖራለች። ችሎታዋ የታወቀ ነው። አሁን የሞተው ልጇ ነው።

የልጁ ስም ምትኩ ነው። በአገራችን ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚሉ ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ቀድሞ ሰው ለሞተበት ቤት ልጅ ነው። ስለዚህ ይህ ስም ብቻውን አንድ ገጽ ታሪክ ይነግረናል። እታፈራሁ ከዚህ በፊትም ቀብራለች። ይህኛው የተተካላት ነበር። ስም ስታወጡ እንዲህ አውጡ። በአማርኛ ስም ሰውንም ዓለምንም በአንድ ቃል ይሠራል፤ ይህን ሀብት አታባክኑት።

ብዙ መመሪያ ገጸ ባሕርይን በቅጽ ያስሞላል። የሚወደው ቀለም፣ ቁመቱ፣ የሚጠላው ምግብ። እኔ አልወደውም። የማይገጥሙ ሃምሳ መልሶች ከመያዝ አምስት የሚነክሱ መልሶች ይሻላሉ። ዛሬ ምን ትፈልጋለች? ማን ፊት ታፍራለች? ምን ደብቃለች? ይህን ነገር ለማግኘት ምን ማጣት ትችላለች? ምን ማጣት በፍጹም አትችልም?

እታፈራሁ የምትፈልገው የልጇን ስም አንድ ጊዜ በአደባባይ መጥራት ነው። የደበቀችው፣ ልጇ በሕመም እንዳልሞተ ማወቋን ነው። ማጣት የማትችለው እድሯን ነው፤ አሮጊት እናት ታስታምማለች፣ ነገ የሚቀብርላት ያስፈልጋታል።

ይህ መንገድ የምናባዊ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስቡ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው። ደራሲው የጎጃምን ዓለም መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ ተወልደው ያደጉበት ነው። ግን በዛብህን እዩት። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት የገበሬ ልጅ ነው። የዘር ነገር ከሁሉ ይበልጥ በሚከበርበት የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሊያስተምር ይገባል። አንዱ ሕግ ስለቱ ነው፣ ሌላው ዘር ነው። ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ተጫኑ። ያንን ዘመን ያላየ አንባቢ ዛሬም የሚያውቀው በዚህ ልጅ ስቃይ በኩል ነው።

ደረጃ 5፦ የግጭቱን ትዕይንት አሁኑኑ ጻፉ

ገና አልተዘጋጀሁም ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አልተዘጋጃችሁም። ቢሆንም ጻፉ። አምስት መቶ ቃል ያህል ይበቃል። ሰውየው ከሕጉ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበትን ሰዓት ብቻ።

ስትጽፉ የማታውቁት ነገር ሲገጥማችሁ አትቁሙ። የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። የእኔ ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «ጡሩንባ ነፊው በንጋት ወጣ (?)። እታፈራሁ በሩን ከፈተች። ዳኛው (ስሙ ?) ከኋላው ቆሟል። ነጠላዋን (አዘቅዝቃ ? የሐዘን አለባበስ እንዴት ነው ?) ለበሰች።»

ትዕይንቱ መጽሐፉ ውስጥ ላይገባ ይችላል። አሁን የሚጠቅመን የጥያቄ ምልክቶቹን ስለሚሰበስብልን ነው።

ደረጃ 6፦ ዓለሙን ከጥያቄ ምልክቶቹ ሥሩ

ምልክቶቹን ቁጠሩ። ከእኔ አሥራ አራት ወጡ። ከዚያ ለዩአቸው። መልሳቸው ታሪኩን የሚለውጠውን አስቀድማችሁ ሥሩ። የማይለውጠውን በአንድ መስመር ወስናችሁ እለፉ። ሳይመለስ ቢቀር ማንም የማይጠይቀውን ሰርዙ።

የዳኛው ስም በአንድ መስመር ተወሰነ። የጡሩንባ ነፊው ነገር ግን ሁለት ቀን ያዘኝ። በእኛ ሰፈር የእድር ጡሩንባ ነፊ በንጋት እየዞረ ማን እንደሞተ ያስታውቃል። ስም በማይጠራበት አገር ምን ይላል? ብዙ አሰብኩና መልሱ መጣ። ምንም አይልም። ነፍቶ ነፍቶ የሟቹ ቤት በር ላይ ይቆማል። ሕዝቡ የቆመበትን በር አይቶ ያውቃል።

ይህ መልስ ካርታ ስስል ብኖር አይመጣልኝም ነበር። የመጣው እታፈራሁ በር ላይ የሚቆም ሰው ስላስፈለገኝ ነው። እንዲህ የተገኘ ዝርዝር ሌላም ይወልዳል። ልጇ የሞተባት እናት ነገሩን የምታውቀው ከጡሩንባው ድምፅ አይደለም፤ ድምፁ በሷ በር ላይ ሲያቆም ነው።

መልስ ስትፈልጉ ከሩቅ አትጀምሩ። የነገሥታቱን ትውልድ ተዉት። ወጥ የሚሠራው በምንድን ነው? ማን ቀድሞ ይበላል? ገንዘብ ማን እጅ ነው? ማታ መንገድ ላይ ማን መሄድ ይፈራል? ኑሮ ከታወቀ ቤተ መንግሥቱ በኋላ ይደረስበታል።

ደረጃ 7፦ አማርኛው ራሱ ዓለሙን ይሥራላችሁ

እዚህ ላይ እኛ የታደልን ነን። በአማርኛ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ደረጃውን ይናገራል። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ»። ስለ ሰንበሌጥ የሥልጣን አወቃቀር አንድ አንቀጽ ከመጻፍ፣ ዳኛው እታፈራሁን «አንቺ» ሲላት እሷ «እርስዎ» ስትለው ማሳየት ይበልጣል። ሠላሳ ዓመት «እርስዎ» ስትል ኖራ አንድ ቀን «አንተ» ካለችው ደግሞ መንደሩ ሁሉ መተንፈስ ያቆማል። ይህን ቃል ለትክክለኛው ገጽ ቆጥቡት።

ሁለተኛው ሀብት ሰምና ወርቅ ነው። ስም የተከለከለባት ሙሾ አውራጅ ምን ታደርጋለች? አማርኛ ተናጋሪ ከሆነች መልሱ ግልጽ ነው። ስሙን ቅኔ ውስጥ ትደብቀዋለች።

ዋርካው ተገንድሶ፣ ጠፍቶ ጥላው መልኩ፣
እስቲ ንገሩኛ፣ የት ይሆን ምትኩ?

ዳኛው ይሰማል። ስለ ወደቀ ዛፍ ነው ያለቀሰችው። የዛፉ ምትክ የት አለ ነው ያለችው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ግን ልጇን በስሙ እንደጠራችው ገብቶታል። ሕጉ ተጣሰ ወይስ አልተጣሰም? እድርተኛው ለሁለት ይከፈላል። ሕጉም፣ ሴትየዋም፣ ቋንቋውም እዚህ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። በዚህ ሰዓት «ከዓለሙ ነው የጀመርኩት ወይስ ከሰው?» ብትሉኝ መለየት አልችልም።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር። መቼት የሚለው ቃላችን ከ«መቼ» እና ከ«የት» የተሠራ ነው። ጥሩ ቃል ነው። መቼት ስታዘጋጁ ሦስተኛ ጥያቄ ብቻ ጨምሩበት፦ «በማን ላይ?»

ደረጃ 8፦ ዓለሙን በጉርሻ አብሉ

ያወቃችሁትን ሁሉ መጀመሪያው ገጽ ላይ አትዘርግፉ። ይህን ተመልከቱ፦

«በሰንበሌጥ ከጥንት ጀምሮ የሞተ ሰው ስም እስከ አርባ ቀን አይጠራም ነበር። ይህ ልማድ በአባቶች ስምምነት የተደነገገ ሲሆን የሚያስከብረውም የእድሩ ዳኛ ነበር።»

አሁን ይህን፦

«ማን ሞተ?» አለ ልጁ።
እናቱ አፉን በመዳፏ ከደነችው። «አይባልም። የማን በር ላይ እንደቆመ እይ።»

ሁለተኛው ያጠረ ነው። ሆኖም ሕጉን፣ ፍርሃቱንና ልማዱን ይዟል፤ ልጁም ገና እየተማረ እንደሆነ ይነግረናል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ አንድ ዝርዝር ወደ ገጹ የሚገባው በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ሲፈልገው፣ ሲፈራው ወይም ሲሰናከልበት ብቻ ነው። የቀረው ደብተር ውስጥ ይቆይ።

ደረጃ 9፦ በሁለት ጥያቄ አስፈትሹ

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለአንድ ሰው ስጡ። ቢቻል ለወዳጅነቱ ሲል የማያሞግሳችሁ ይሁን። «ወደድከው?» አትበሉ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት።

አንደኛው፦ «እታፈራሁ ስሙን በግልጽ ብትጠራ ምን ይደርስባታል?» ሳይንተባተብ ከመለሰ ዓለሙ ገብቶለታል። ከተደናገረ ወደ ደረጃ 3 እና 6 ተመለሱ።

ሁለተኛው፦ «ብትጠራው ይሻላል ወይስ ዝም ብትል?» ትከሻውን ነቅንቆ «እንጃ፣ እንደፈለገች» ካለ ሴትየዋ ገና አልተወለደችም። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ከተከራከራችሁ፣ «እንዴ፣ እናቷን ማን ሊቀብርላት ነው?» ብሎ ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ምዕራፍ ሁለትን ጀምሩ።